የአስካለ በርሜልና እምቢ ያለው ስልክ

ወሬ ልጀምር ነው፤ ሥራ የሌለው ጠጋ ይበል፣ ሥራ ያለውም ሥራውን ይዞ ጠጋ ይበል።

እትዬ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇን ድራ እሑድ መልስ ጠርታለች። ሰው ተነግሮታል፣ ድንኳን ተይዟል፣ በርሜሏ ግን ባዶውን ተገትሯል። በእነሱ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱም ሲያሰኘው መጥቶ ጥቂት ይፈስና እልም ይላል። ባለፈው ሲመጣ አስካለ ቅቤ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ከዚያ በፊት ሲመጣ ለቅሶ ቤት ነበረች። ዛሬ ዓርብ ነው። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃ ሲመጣ የሚነግራት።

ከአጥር ማዶ ሳምራዊት አለች፣ ኮምፒውተር የተማረች ልጅ። የአስካለ ቧንቧ ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አሰረችና አፕ ሠራችላት።

«እትዬ፣ ውሃው ገና ሲንጠባጠብ ስልክሽ ላይ ደወል ይጮሃል። ገበያም ብትሆኚ ትሰሚዋለሽ።»

«ተባረኪ፤ በይ ጫኚልኝ።»

ስልኩ ግን እምቢ አለ። ‹ይህ አፕ ከአፕ መደብሩ፣ ከስቶር አልመጣም፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ አልቀበልም› ብሎ ጻፈ።

«ከአጥር ማዶ ነው የመጣው» አለችው አስካለ። «እናቷንም አውቃታለሁ።»

ስልኩ ያንኑ መልሶ ጻፈ።

«እስቲ ስቶሩ ውስጥ አስገቢውና ከዚያ ይምጣ» አለቻት ሳምራዊትን።

«ሞክሬ ነበር፤ መክፈያ የውጭ አገር የባንክ ካርድ አምጪ አሉኝ። ከየት ላምጣ?»

እንግዲህ ስልኩ ካልተቀበለ ደወሉ አይጮህ፣ ደወሉ ካልጮኸ በርሜሉ አይሞላ፣ በርሜሉ ካልሞላ የእሑዱ መልስ የለ።

ለነገሩ ስልኩ ፈቃድ የሚሰጥበት በር አለው፤ በሩ ግን በምስጢር ቁጥር ተቆልፏል። ያስቆለፈችው ማን መሰላችሁ? ራሷ አስካለ። አምና ‹ነፃ ስጦታ› የሚል ነገር ተልኮላት ነካችው። ስልኩም ማንንም ሳይጠይቅ የጨፋሪ ሴቶች ፎቶ ለእድሩ ሰብሳቢም፣ ለንስሐ አባቷም ላከላቸው። የእድሩ ሰብሳቢ አመሰገናት፣ የንስሐ አባቷ ስግደት ጨመሩባት። ያን ቀን ነው ወደ ስልክ ሻጩ ወደ ኑረዲን ሮጣ ያስቆለፈችው።

አሁንም ወደ ኑረዲን ሄደች።

«ክፈትልኝ።»

«እትዬ፣ ቁጥሩን የስልክዎ ካርቶን ውስጥ ጽፌልዎታለሁ። የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ቆልፌ የማንን ላስታውስ?»

«ስልኩ የኔ አይደል እንዴ?»

«የእርስዎ ነው።»

«የኔ ከሆነ ለምን እኔኑ እምቢ ይለኛል?»

«እምቢ እንዲል አድርግልኝ ብለው አለቀሱብኝ እኮ። ደምስሰው ካሉኝ እደመስሰዋለሁ፤ የልጅዎ የሠርግ ፎቶ ግን አብሮ ይጠፋል።»

«እጅህን ሰብስብ» አለችና ስልኳን ነጥቃው ወጣች።

ካርቶኑ ካልመጣ ቁጥሩ አይታይ፣ ቁጥሩ ካልታየ በሩ አይከፈት፣ በሩ ካልተከፈተ ስልኩ አይቀበል፣ ስልኩ ካልተቀበለ ደወሉ አይጮህ፣ ደወሉ ካልጮኸ በርሜሉ አይሞላ፣ በርሜሉ ካልሞላ የእሑዱ መልስ የለ።

ካርቶኑን ደግሞ ለጎረቤቷ ለጋሽ ወልደየስ ሰጥታቸዋለች። ጡረተኛ ናቸው፤ የዳማ ቆርኪያቸውን ያስቀምጡበታል።

«ጋሼ፣ ካርቶኔን ያራግፉልኝ።»

«አላራግፍም» አሉ ጋሽ ወልደየስ። «ቆርኪዬ ሃያ አራት ነበር፤ ሃያ ሦስት ቀረ። እንኳን ላራግፈው፣ ስከፍተውም እየቆጠርኩ ነው። የጠፋው ካልተገኘ ማንም አይነካውም።»

«ለአንድ ቆርኪ?»

«እሱ ከጠፋ ወዲህ አንድ ቀን አሸንፌ አላውቅም።»

«ከመጥፋቱ በፊትስ?»

«እሱን ተይው።»

አስካለ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ መንገዱን ሁሉ እየቆጠረች። ቆርኪው ካልተገኘ ጋሼ አይለቁ፣ ጋሼ ካልለቀቁ ካርቶኑ አይመጣ፣ ካርቶኑ ካልመጣ ቁጥሩ አይታይ፣ ቁጥሩ ካልታየ በሩ አይከፈት፣ በሩ ካልተከፈተ ስልኩ አይቀበል፣ ስልኩ ካልተቀበለ ደወሉ አይጮህ፣ ደወሉ ካልጮኸ በርሜሉ አይሞላ፣ በርሜሉ ካልሞላ የእሑዱ መልስ የለ። ንዴቷን የምትወጣበት ብታጣ በርሜሉን በእርግጫ አለችው።

በርሜሉ ጓ ብሎ ወደቀ። ከሥሩ ምን ተገኘ? አንድ ቀይ ቆርኪ።

አስካለ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በርሜሉ እየተወዛወዘ ሲያስቸግራት፣ ከጋሽ ወልደየስ ደጃፍ ቆርኪ አንስታ የወተፈችው እሷው ናት። ጋሼ ቆርኪ ጠፋ ብለው ሰፈር ሲያምሱ፣ አብራቸው አጎንብሳ ስትፈልግ የነበረችውም እሷው ናት።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቆማት። ቆርኪው ተገኘ፣ ጋሼ ለቀቁ። «የት አገኘሽው?» ቢሏት «ከወደቀበት» አለች። የበርበሬ ጣሳዋን ሰጠቻቸው፣ ቆርኪውን ወደ ጣሳው ገለበጡት፣ ካርቶኑ መጣ፣ ቁጥሩ ታየ፣ በሩ ተከፈተ።

በሩ ሲከፈት ግን አስካለ ጣቷን ሰበሰበች። የአምናውን ስግደት ጉልበቷ አልረሳውም።

«ቆይ፣ ሳምራዊት። ይሄ ያንቺ አፕ ሲገባ ምን ምን ይነካል?»

«ደወሉን ብቻ። እይው፣ ይኸው ተጽፏል። ፎቶሽን አያይም፣ የሰው ስልክ ቁጥር አይነካም።»

«የንስሐ አባቴንስ?»

«አያውቃቸውም።»

«ይግባ።» ከገባም በኋላ «በይ በሩን መልሰሽ ቆልፊው» አለች። «ለአንቺ ከፈትኩ እንጂ ለመንገደኛ ሁሉ አልከፈትኩም።»

በርሜሉን ብታቆመው ያለ ቆርኪው ተወዛወዘ። ካርቶኑን አጣጠፈች፣ በፌስታል ጠቀለለች፣ ከሥሩ ወተፈችው። በርሜሉ ቀጥ አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ገበያ ሽንኩርት ስትመርጥ፣ ደወሉ ጮኸ። ሽንኩርቱን ለባለቤቱ ጥላ ነጠላዋን ታጥቃ ሮጠች። ስልኩ ተቀበለ፣ ደወሉ ጮኸ፣ በርሜሉ እስከ አፉ ሞላ፣ የእሑዱም መልስ ደመቀ።

መልሱ ላይ ኑረዲን ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ያንን ቁጥር ደህና ቦታ አስቀመጡት? ሌባ እንዳያየው» አላት።

አስካለ ወደ በርሜሉ በአገጯ አመለከተችው። «እዚያ ሥር ነው። መጀመሪያ ውሃውን ይቅዳ፣ በርሜሉን ያንሳ፣ ከዚያ ይየው።»

እኔም እዚህ ላይ አበቃሁ። ለእኔ ወሬዬን መልሱልኝ፣ ለአስካለም የበርበሬ ጣሳዋን።