ብርጭቆ የተደፋበት ትል

በአንድ ወቅት፣ የጨረር ነገር በወሬ ብቻ በሚሰማበት ጊዜ፣ በአንድ የሐይቅ ዳር መንደር አቶ ሻንካ የሚባሉ የማንጎ ገበሬ ነበሩ። ማንጎአቸው ማር ነው! ምን ያደርጋል፣ የፍሬ ዝንብ እየወጋች እንቁላሏን ትጥልበታለች። ባሕር ማዶ ያሉ አገሮችም «ትላችሁን እንዳታመጡብን» ብለው በር ዘጉ። ሽማግሌው ሲብሰለሰሉ ከርመው ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ።

«ማሳው ለሦስት ቢቆረስ ለማናችሁም አይሆንም። ማንጎዬን ባሕር ያሻገረ ልጄ ይውሰደው» አሉ።

ታላቁ ዳልኬ ማሳው ውስጥ ከረመ። የወደቀውን ፍሬ ለቅሞ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረ፤ ዛፍ ላይ ያለውን አንድ በአንድ በወረቀት ጠቀለለ። ወገቡ እስኪቆረጥ ሠርቶ እንከን የሌለው ፍሬ አወረደ። ግን ጭነቱ በሚነሳበት ቀን ጎረቤቶቹና አክስቱ፣ እንደ ሰፈሩ ወግ፣ ለምርቃት ከየጓሯቸው አንዳንድ ፍሬ ይዘው መጡ። ምን ይበል? የአክስቱን እጅ ይመልስ? ተቀብሎ ሣጥኑ ውስጥ ጨመረው።

መካከለኛዋ ጌጤነሽ ደግሞ «ጭነቱ ትል በሚያመክን ጨረር ይለፍ» ብላ የተነሳች ናት። መንደሩ «ጉድ ፈላ! ጨረር የነካውን ማን ይበላል?» ብሎ ተንጫጫ። እሷ ግን ለሙከራ በጨረር ያሳለፈችውን አንድ ማንጎ ልጣ ለገዛ ልጇ አጎረሰች፤ የተረፈውን ራሷ በላች። ጭነቱም ከነሣጥኑ በጨረሩ አለፈ። የጨረሩ ባለሙያ ታዲያ «ትሉ ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ዝንብ ሆኖ ግን አይወጣም» ብሏት ነበር። ይህን ለወንድሞቿ አልነገረችም። ይፈሩብኛል ብላ ነው።

ትንሹ ማርቆስ ነጋዴ ነው፤ ጭነቱን ይዞ ተሻገረ። ወደቡ ላይ ተቆጣጣሪው አንድ ማንጎ ቢሰነጥቅ ትል ተላወሰ። መልኩ ከሌሎቹ የተለየ፣ ያ የአክስትየው ፍሬ ነበር።

«በሕይወት አለ! ሁሉም ይቃጠል!» አለ ተቆጣጣሪው።

ማርቆስ ስልኩን አወጣ። ለእህቱ ደወለ።

«በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ዝንብ ሆኖ ግን አይወጣም» አለችው።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ? ገደልሽኝ እኮ!»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ። «ጭነቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ፤ ትሉን ብርጭቆ እንድፋበት። ዝንብ ከወጣው ሁሉን አቃጥል፤ እኔም በዚህ ወደብ ዳግመኛ አልነግድም» ብሎ ፈረመ። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም! አሥራ ሁለት ቀን ብርጭቆውን ሲጠብቅ ሰነበተ። ትሉ ተኮማትሮ ደረቀ፤ ዝንብ አልወጣውም። ማንጎው ገባ፤ ተበላም።

አቶ ሻንካ የምሥራቹን ሲሰሙ ከደስታ ብዛት አለቀሱ። ሦስቱ ልጆች ፊታቸው ቆሙ።

«እኔ ካሳደግኩት ፍሬ አንድም ትል አልተገኘም» አለ ዳልኬ።

«ጨረሩ ባይኖር ያ ትል ይበር ነበር» አለች ጌጤነሽ።

«እኔ እዚያ ባልቆም የሁለታችሁም ድካም አመድ ነበር» አለ ማርቆስ።

ሽማግሌው የማሳውን ደብተር ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ እስክሪብቶ ይዘው፣ አንዱን አይተው ወደ ሌላው ይዞራሉ። ሦስቱንም ይወዷቸዋል፤ ማሳው ደግሞ አንድ ነው። እኔማ ስንት ጊዜ አስቤው አቃተኝ። እስቲ እናንተ ንገሯቸው፤ የማንን ስም ይጻፉ?