አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሣጥን

ይቺን ሴትዮ ስሙልኝማ! በክራንች የምትሄድ በርበሬ ነጋዴ ናት። ለልጇ ምርቃት ከተማ ብትመጣ ሆቴሉ ሁሉ ሞልቶ፣ አቶ መንበሩ የሚባል ሰው ሆቴል ደረሰች። አቶ መንበሩ የምድር ቤቱን ክፍል "ለባለሥልጣን የተያዘ ነው" ብሎ የአራተኛ ፎቅ ቁልፍ ሰጣት። ሊፍት የሚባል የለም።

"ጌታዬ፣ በምን እግሬ ልውጣው?"

"ቅሬታሽን ጽፈሽ አስተያየት መስጫው ሣጥን ውስጥ ክተቺ። አራተኛ ፎቅ፣ ቢሮዬ በር ላይ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ስለ ደረጃዬ አንድ ሰው ቅር ብሎት አያውቅም!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

እሷዬ ሳቋ አመለጣት።

"እንዴት ይበለው ጌታዬ! እዚያ ድረስ መውጣት የቻለ ሰው ስለ ደረጃው ምን ብሎ ይጻፍ? ቅር ያለን እኮ እዚሁ ታች ቀርተን ነው! ይልቅ የምድሩን ቁልፍ ይስጡኝ። ባለሥልጣኑ እግር አላቸው፤ ወጥተው ባዶውን ሣጥን ይጎብኙልዎ።"