ንጉሥ መሆን ያማራቸው ኃላፊ

አንዲት ምላሰኛ ሴት የሰፈሩን የወጣቶች የኪነ ጥበብ ማዕከል ታስተዳድር ነበር። አንድ ቀን ወጣቶቹ ስለ አንድ ንጉሥ የሚተርክ ድራማ ሲለማመዱ የክፍለ ከተማው ኃላፊ አቶ ድንበሩ ከተፍ አሉና፣ «ንጉሡን ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝ፤ አለዚያ አዳራሹን አሽገዋለሁ!» አሉ።

ወጣቶቹ ክው አሉ። ሴትየዋ ግን እጅ ነስታ፣ «ደስ ይለናል ክቡር ኃላፊ። ብቻ ንጉሡ አንድ ከባድ ትዕይንት አለው» አለች።

«ጦርነት ነው?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ያቅተኛል? ዕድሜ ልኬን ሕዝብ ፊት ቆሜ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ!»

«ችግሩ እሱ ነው ጌታዬ፤ እዚያ ላይ ንጉሡ ዝም ብሎ ሕዝቡን ያዳምጣል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ድንበሩም ሳቃቸው አመለጣቸውና ሄደው ከተመልካች ወንበር ላይ ተቀመጡ።