ቱንቢው ሲወዛወዝ

አንድ ግንበኛ ነበረ። ቆይ ጣሰው፣ አትሳቅ። «ሰው የሚሠራውን ወዶ ነው የሚሠራው ወይስ ነገር ገፍቶት?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እሱን ነው የምመልስልህ።

ግንበኛው እጁ የተመሰከረለት ነው። አንድ ሀብታም ሰው ጉብታ ላይ ቤት ሊያሠራ አሰበና መጀመሪያ የድንጋይ አጥሩን ለሁለት ሰው ሰጠ። አንዱን ማእዘን ለዚህ ሰውዬ፣ ሌላውን ደግሞ ሰውዬው ራሱ ሙያ ላስተማረው ጓደኛው። «ማእዘኑ የቀናለት ቤቱንም ይሠራል» አላቸው።

ጀመሩ። መንገደኛው ሁሉ የጓደኛውን ማእዘን እያየ «ወይ እጅ! እጅህን ቁርጥማት አይንካው!» ይላል። ወደዚህኛው ዞሮ የሚያይ የለም። ሰውዬው አጉረመረመ። «መዶሻ አያያዝ ያሳየሁት እኔ፣ የሚመሰገነው እሱ!» ድንጋይ ሲጠርብ አንድ ዓይኑ እዚያ ማዶ ነው። ጓደኛው ሲስቅ «በኔ ነው የሚስቀው» ይላል። ዝም ሲል ደግሞ «ኮራብኝ» ይላል። እኛ ስንናገር ቃሉ አንድ ነው፤ ግንብም ይቀናል፣ ሰውም ይቀናል። ላንዱ ቀናለት፣ ሌላው ቀናበት።

በሦስተኛው ቀን ነፋስ ተነሳ። ታውቃለህ፣ ነፋስ ሲመጣ ቱንቢ አያርፍም። ክሩ ላይ የተንጠለጠለው ብረት ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ግንቡ ይቅና ይዝመም አይታወቅም። ጓደኛው ቱንቢውን አየ፣ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ቁጭ አለ። ሰውዬው ይህን ሲያይ ፊቱ ፈካ። «ደከመው! ዛሬ ነው የምቀድመው!» ቱንቢው እየተወዛወዘ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደረደረ።

ነፋሱ ሲቆም ሀብታሙ መጣ። ቱንቢ ተጣለ። የሰውዬው ማእዘን ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል።

«ነፋሱ ነው ጌታዬ! እኔ ምን ላድርግ?»

ሀብታሙ ወደ ጓደኛው ዞረ። «አንተ ጋ አልነፈሰም እንዴ?»

«ነፍሷል።»

«ታዲያ?»

«ተቀመጥኩ።»

ሰውዬው ጮኸ። «እሱማ ይቀመጥ! ሁሉ የሚያወድሰው ሰው ምን ያስቸኩለዋል? እኔ እሱን እያየሁ እንዴት ልቀመጥ?»

«ቱንቢውን ያወዛወዘው ነፋስ ነው» አለ ሀብታሙ። «ድንጋዩን ያስቀመጠው ማነው?»

ሰውዬው መዶሻውን አነሳ። በገዛ እጁ ያቆመውን በገዛ እጁ አፈረሰ። ቤቱን ጓደኛው ሠራው።

አየህ ጣሰው፣ ነፋስ የለም አልልህም። እኔም ሰባተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን የጣልኩት ወድጄ አይደለም። አንተም፣ መኩሪያ ከኛ ጋር አሸዋ ሲዝቅ ኖሮ ትናንት ግንበኛ ሲባል ሆድህ የተቃጠለው ወደህ አይደለም። እኔም ተቃጥያለሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ። እሱ ነፋስ ነው። ጠዋት ግን መኩሪያ የግንቡን ልክ የሚያይበትን ውሃ ልክ አንስቶ አሸዋው ውስጥ የቀበረው ነፋስ አይደለም። አይቼሃለሁ። ከሰዓት ሲያጣው አሠሪው እንደሚያባርረው ደግሞ አንተም ታውቃለህ።

መኩሪያ አሁን ምሳ ሄዷል። ገና አልተመለሰም። አካፋው ያው፣ አጠገብህ ነው።