አልከፈት ያለው የፎርማጆ ጣሳ

ያዙ እንግዲህ። አንዱን ስጨምር የፊተኛውን የረሳ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል፤ እኔ ደግሞ ለዚያ ትዕግሥቱ የለኝም።

ድሬዳዋ፣ ለገሃር አካባቢ፣ ሙሴ ዘለቀ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ነው፤ የባቡር ሰው ደግሞ እኛ ጋ ሙሴ ነው የሚባለው። ሽማግሌውን አንተ አልክ ብላችሁ አትቆጡኝ፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር አናውቅም፣ የገዛ ልጁም አንተ ነው የምትለው። ይሄ ሙሴ ዘለቀ ታመመ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር በአፉ የዞረ ነገር የለም። ልጁ አልጋነሽ ሾርባ ብትሠራ አይ፣ ገንፎ ብታገነፋ አይ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ዓይኑን ገለጥ አደረገና፣ "ፎርማጆ" አለ። "የጣሳውን።"

ሌላ አይብ እንዳታመጡበት። ድሮ ከጅቡቲ ሲመለስ ይዞት የሚመጣውን፣ ሰማያዊ ጣሳ ውስጥ የተጠቀጠቀውን፣ ጨው ጨው የሚለውን ነው የፈለገው። ከሟች ሚስቱ ጋር ቅበላን የሚቀበሉት በእሱ ነበር። ያም ቀን ቅበላ ነበር፤ በማግሥቱ ሁዳዴ ይገባል። ቄሱ ለበሽተኛ ይፈቀዳል ቢለው አሻፈረኝ ብሏል። "የማታው ደወል ሲደወል አፌን እዘጋለሁ" አላት ልጁን። "ፋሲካ ላይ ደግሞ አልደርስም።" ከደወሉ በፊት ከበላ በላ፤ ካልበላ ግን አልጋነሽ አባቷን ልታጣ ነው። እሷም ይሄን ታውቃለች፤ እግሯ መሬት አልነካም።

የጅቡቲ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ስትሯሯጥ አርፍዳ ጣሳውን አገኘችው። ቤት ወስዳ ብታየው ጎኑ ላይ ተጣብቆ የሚመጣው መክፈቻ ቁልፍ የለም፤ ወልቆ ጠፍቷል። ቢላዋ አነሳች፣ ቢላዋው ተጣመመ። በሚስማር ትምታው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መታችው! አባቷ ከአልጋው ሆኖ ዝገት ልታበይኝ ነው ወይ ብሎ ጮኸባት፣ ተወችው። አባት አልበላ አለ፤ ጣሳው አልከፈት አለ።

ጣሳውን ብብቷ ስር ወሽቃ ወደ ጎረቤቷ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ በረረች። ግቢው ውስጥ መክፈቻ ያላት እሷ ብቻ ናት። ሱቅስ እንዳትሉኝ፤ በድሬ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ላይ የትኛው ሱቅ ነው የሚከፈተው? እትዬ ጥሩወርቅ ግን የተቧጨረ እጇን አሳየቻት። መክፈቻው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ድመቷ ወልዳለች፤ እጅ የሰደደ ሁሉ ደም በደም ይሆናል። ወተት ካልሸተታት ንቅንቅ አትልም አለቻት። አባት አልበላ አለ፤ ጣሳው አልከፈት አለ፤ መክፈቻው አልወጣ አለ፤ ድመቷ አልነሳ አለች።

አልጋነሽ ወደ ወተት ሻጯ ወደ ሩቂያ ሮጠች። ሩቂያ ኒም ዛፉ ስር ተቀምጣለች፣ ጄሪካኑ ሙሉ ነው፣ ሙቀቱ ወተቱን ሊያበላሽባት ነው፣ ግን አትሸጥም። መስፈሪያ ጣሳዋን ጠዋት ባጃጅ ድፍጥጥ አድርጎባታል። በግምት ቅጂልኝ ብላ አልጋነሽ ለመነቻት። "ሳልሰፍር አልሰጥም" አለች ሩቂያ። "ቢጎድል የሰው ሐቅ ነው።" መስፈሪያው ቆርቆሮ ሠሪው ነጂብ ጋ ነው፣ እሱን አስቃንተሽ አምጪልኝ አለቻት። አባት አልበላ አለ፤ ጣሳው አልከፈት አለ፤ መክፈቻው አልወጣ አለ፤ ድመቷ አልነሳ አለች፤ ወተቱ አልሰፈር አለ።

ይኸው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አልጋነሽ ላቧን በእጇ እየጠረገች፣ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግራ ነጂብ ጋ ደረሰች። ነጂብም የባሰበት ሆኖ ጠበቃት። በዚህ ሲመታው በዚያ ያብጣል፣ በዚያ ሲመታው በዚህ ይጎደጉዳል፤ ከጠዋት ጀምሮ ከአንዲት ጣሳ ጋር ሲጣላ ነው የዋለው። በዚያ ላይ ልኩ ጠፍቶበታል። ያልተነካ፣ የዚህኑ ዓይነት ጣሳ ካላመጣሽልኝ አላቃናውም አላት። አባት አልበላ አለ፤ ጣሳው አልከፈት አለ፤ መክፈቻው አልወጣ አለ፤ ድመቷ አልነሳ አለች፤ ወተቱ አልሰፈር አለ፤ መስፈሪያው አልቃና አለ። እኔ ራሴ ትንፋሽ አጠረኝ!

አልጋነሽ ቆማ አባቷን አሰበች። ደወሉን አሰበች። ከዚያ ብብቷ ስር ያለው ትዝ አላትና አውጥታ ሰጠችው፤ ሰማያዊ፣ ድፍን፣ የሩቂያ መስፈሪያ ከተሠራበት ጋር አንድ ዓይነት ጣሳ። ሰውየው ይለካው ጀመር። እሷ ግን አላስቻላትም፤ አባቷን፣ ቅበላውን፣ መክፈቻውን፣ ድመቷን፣ ወተቱን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችለት። ነጂብ መዶሻውን አስቀመጠና ሌላ ዕቃ አነሳ። ትክ ብሎ አያት።

"አንቺ" አላት፣ "ይሄ የያዝኩት ምንድን ነው?"

"መቀስ።"

"ምን ይቆርጣል?"

"ቆርቆሮ።"

"ያንቺስ ጣሳ ከምንድን ነው የተሠራው?"

አልጋነሽ ጣሳውን አንስታ መቀሱ ስር አደረገችለት። እኔ ብሆን መጀመሪያ ራሴን ነበር የምመታው።

ነጂብ መቀሱን ጠረገና የጣሳውን አፍ ዙሪያውን ከርክሞ አነሳው። ፎርማጆው እንዳለ ዱብ ብሎ ንጹሕ ፌስታል ላይ ወጣ፣ ጣሳው ባዶ ቀረ። ስለቱን በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፈላትና፣ ይሄ ለሩቂያ ይሁን፣ ያኛውን የተደፈጠጠውን ተይልኝ፣ ዓይኑን ማየት አልፈልግም አላት።

አሁን ተከተሉኝ፣ ሩጫ ነው። መቀሱ ጣሳውን ከፈተ፤ ጣሳው መስፈሪያ ሆነ፤ መስፈሪያው ወተቱን ሰፈረ፤ ወተቱ ድመቷን አስነሳ፤ ድመቷ ከመክፈቻው ላይ ወረደች፤ መክፈቻው ወጣ! አባትሽ እየጠበቀሽ ለድመት ወተት ታቀርቢያለሽ ወይ እንዳትሏት፤ ደጁ መንገዷ ላይ ነው፣ እትዬ ጥሩወርቅም በድመቷ እጇን ተቧጭራ ወተቱን እየጠበቀች ነው። መክፈቻውን ደስ ብሏት ሰጠቻት። አልጋነሽም አሁን ምን ያደርግልኛል አላለችም፤ አመስግና ተቀብላ ሮጠች።

ገባች። ደወሉ ገና አልተደወለም። ፎርማጆውን ቆረሰችና በዳቦ አድርጋ አፉ ላይ አደረገችለት። ሙሴ ዘለቀ አላመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አላመጠ። ዋጠ። እሷ ሁለተኛ ቆረሰችለት፤ በላ። ሦስተኛውን በራሱ እጅ አነሳ። አራተኛው ላይ ትራሱን አስተካክዪልኝ ብሎ ቀና አለ።

ደወሉ ተደወለ። አፉን ጠረገና በሰላም አፉን ዘጋ። ወዲያው ግን መልሶ ከፈተው፤ ለመብላት አይደለም።

"የተረፈውን ለጎረቤት ስጪው" አላት። "ለፋሲካ ሌላ ጣሳ ትገዢልኛለሽ።"

አልጋነሽ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም ነበር። አሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እሱም ምን ሆነሽ ነው እያለ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት።

ጨረስኩ። የፈለገ ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠረው፤ እኔ ልረፍበት።