የውሻው አስተማሪ

አንድ ሰው ነበረ። ውሻውን በገመድ አስሮ ሦስት ሹማምንት ፊት ቆሟል። ተነሣ ይለዋል፤ ውሻው አይነሣም። ሂድ ይለዋል፤ አይሄድም። እግሩ ሥር ተጋድሞ በጆሮው ዝንብ ያባርራል።

የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። ልጄ አይናገርም፤ የሚሻውን በምን ልወቅለት ብለኸኛል። እሱን እየመለስኩልህ ነው። ደጅ ጋሪህ ላይ የሚንኳኳው ምንድን ነው? ፈረሱ ነው? ይሁን። ስማኝ።

ሰውየው ገበሬ ነው፤ ቤቱ ከከተማው ጥግ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ያበደ ውሻ ሁለት ሰው ነክሶ ነበር። ከቅዳሜ በኋላ ሳይታሰር የተገኘ ውሻ ሁሉ በመርዝ ይገደላል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ሥራ ያለው ውሻ ብቻ፣ መንጋ የሚጠብቅ ወይም ዓይነ ስውር የሚመራ፣ ቢሮ ቀርቦ ሥራው ይታያል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ ይደረግለታል፤ ተፈትቶ መሄድ ይችላል ተባለ።

የሰውየው ውሻ መንጋ አይጠብቅም። ሥራው ሌላ ነው። ሰውየው ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ አለው። የልጁ እግር አይጸናም፤ አንደበቱም ቃል አያወጣም። ድሮ ከጧት እስከ ማታ መደብ ላይ ተጋድሞ ነበር የሚውለው። ውሻው ከቤቱ ከገባና ካደገ ወዲህ ግን ልጁ አንገቱን ይዞ ይነሣል። በጀርባው ተደግፎ ጓሮ ይወጣል፤ ፀሐይ ይሞቃል። ውኃ ሲጠማው ውሻው ሄዶ እናቱን በቀሚሷ ጫፍ ይስባል። እንግዲህ ውሻው ከታሰረ ልጁ መደቡ ላይ ቀረ ማለት ነው። ካልታሰረ ደግሞ መርዝ አለ። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ሰውየው ውሻ እየጎተተ በገበያው መሐል ሲያልፍ ያየው ሁሉ ሳቀበት። አንዱ፣ በሬህን ሸጠህ በዚህ ልታርስ ነው ወይ አለው። ሰውየው ዞር ብሎም አላየው። አላፈረም።

ቢሮው ውስጥ ሰብሳቢው፣ የከብት ሐኪሙና አንዲት ጸሐፊ ተቀምጠዋል። ሰውየው ውሻው የሚሠራውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ሐኪሙ፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረው ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እዚህ ላይ ዋሸ። እንዲያው በራሱ ያወቀ ብልህ ውሻ ነው ብል አያምኑኝም ብሎ ፈራ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት አለ። ጸሐፊዋ ስሙን ጻፈች።

በል እዘዘው አሉት። አዘዘው። የሆነውን ነግሬሃለሁ።

«ወንድሜ፣» አለው ሐኪሙ፣ «እኔ እንደማየው ይህ ውሻ ጡረታ ወጥቷል።»

በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ሰብሳቢው ሌላ ባለጉዳይ ሊጠራ ሲል ጸሐፊዋ ከወረቀቷ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ልጁ የት ነው?»

ቤት ነው አላት።

«ለልጁ አይደል እንዴ የመጡት?»

ሰውየው ከቤቱ ሲወጣ ልጁን ይዤ ልሂድ የሚል ሐሳብ እንኳ ሽው አላለበትም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ጓዳ ይገባል፤ መጋረጃው ይወርዳል። ስንት ልጅ አለህ ሲሉት ሁለት ይላል። ያሉት ሦስት ናቸው። ውሻ እየጎተተ በገበያ መሐል ያለፈው ሰው፣ ልጁን ይዞ አንድም ቀን በዚያ አልፎ አያውቅም።

ሰብሳቢው ቢሮው ሳይዘጋ ልጁን አምጣ አለው። ሰውየው ውሻውን እዚያው ትቶ ሮጠ። ልጁን በጋቢ ከራስ እስከ እግሩ ጠቅልሎ በጀርባው አዘለው። ያኔም እንኳ በገበያው አላለፈም፤ በወንዙ በኩል ዞሮ መጣ። ቢሮው ደርሶ ወለሉ ላይ አስቀመጠውና ጋቢውን ገለጠው። ልጁ ብርሃኑ ወግቶት ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ገልጦ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ። 

አሁንም ይንኳኳል፤ ጋሪህ ላይ። ልጨርስልህ።

ሰውየው እንደገና ውሻውን ሊያዝ ሲል ልጁ ወለሉን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ። ያ ገልቱ ውሻ ከተጋደመበት ተፈናጥሮ ከልጁ ጎን ቆመ። ልጁ አንገቱን አቅፎ ተነሣ። ጀርባውን መታ ሲያደርገው ውሻው ተራመደ፤ ልጁም አብሮት እስከ ጠረጴዛው ሄደ። እንደገና መታ ሲያደርገው ቆመ። ሐኪሙ ፈገግታውን ዋጠ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

አባት ተብዬው ከሁሉም በላይ ደርቆ ቀረ። እሱ እኮ ውሻው ነው ብልሁ ብሎ ነበር። ልጄ አይሰማም፣ አያውቅም እያለ ስምንት ዓመት ኖሯል። ያ የማያውቅ የተባለ ልጅ መደብ ላይ ተጋድሞ አንድ እንስሳ አስተምሯል።

ልጁ ግን አልጨረሰም። ውሻውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ወለሉን ሦስት ጊዜ መታና አገጩን ወደ አባቱ ቀና አደረገ። ውሻው መጣ። የሰውየውን የልብስ ጫፍ በጥርሱ ይዞ ሳበው።

ሰውየው ያንን መሳብ ያውቀዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከእርሻ ገብቶ አረፍ ሲል ውሻው እየመጣ እንዲሁ ይስበው ነበር። እራቴን ሊቀማኝ ነው እያለ በእርግጫ ያባርረው ነበር። አንድ ቀን በዱላ ቢመታው ውሻው ሲያነክስ ሰንብቷል። ከመጋረጃው ወዲያም መደቡ ሦስት ጊዜ ሲመታ ይሰማ ነበር። ዝም በል ይል ነበር። መናገር ለማይችል ልጅ፣ ዝም በል።

ልጁ እየጠራው ነበር።

ሰውየው በውሻው እየተሳበ ሄዶ ልጁ ፊት ተንበረከከ። ምን ትሻለህ አለው። ውኃ ነው? ልጁ አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ርቦህ ነው? አሁንም ነቀነቀ። እጁን ዘርግቶ የአባቱን ጢም ያዘ። ይኸው ነው። ሌላ የፈለገው የለም። ሦስት ዓመት የጠራው ለዚሁ ነው።

ጸሐፊዋ አስተማሪ በሚለው ቦታ የጻፈችውን የአባትየውን ስም ሰርዛ የልጁን ስም ጠየቀችው። ምንተስኖት አለ። ሰው ፊት ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። ቀዩን ማሰሪያ ለልጁ ሰጡት፤ በራሱ እጅ አሰረለት። ሲመለሱ ሰውየው ጋቢውን በትከሻው ጣል አድርጎ ልጁን ፊቱን ገልጦ አዘለ። በገበያው መሐል አለፈ። ውሻው ሳይታሰር ከኋላ ተከተለ።

እንግዲህ አንተ ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማውቀው ይህችን ነው። አንተም እንደዚያ ሰው ሆነህብኛል። ልጄ የሚሻውን በምን ልወቅ ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ መጣህ። ልጁን ግን ጋሪው ላይ፣ ሸራ አልብሰህ፣ ደጅ ተውከው። ከተቀመጥክ ጀምሮ የጋሪው እንጨት ይንኳኳል፤ ሦስት፣ ደግሞ ሦስት። እኔ በደከመ ጆሮዬ ሰማሁት፤ አንተ ፈረሱ ነው አልከኝ። ፈረስህ ተፈትቶ ከወዲያ ማዶ ሣር ሲግጥ ከዚህ ይታየኛል።

ተነሣ፤ ልጅህ እየጠራህ ነው።