ሚዛኑ ማን እንደገባ አያውቅም

አንድ ሸክላ ሠሪ ነበረ፤ ሸክላው ግን ከጭቃ አልነበረም። የሁለት ዓይነት ብረታ ብረት ዱቄት ያዋህድና ምድጃ ውስጥ ናይትሮጅን ያበላዋል። ናይትሮጅን ማለት ይኸው የምንተነፍሰው አየር፣ አብዛኛው ክፍሉ ነው። ሦስቱ ሲዋሃዱ ጭቃ የማይችለውን እሳት የሚችል ሸክላ ይወጣል። ችግሩ ኦክስጅን ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። እሱ የገባበት ሸክላ ላዩን ሲያዩት ያው ነው፤ የቀለጠ ብረት ሲፈስበት ግን ይሰነጠቃል።

ሰውየው ሥራውን በጀመረ በሰባተኛው ወር አንድ የብረት ማቅለጫ ዕቃ ሠራ። መዘነው። ክብደቱ ጨምሯል፤ ናይትሮጅን ሲገባበት ልክ የሚጠበቀውን ያህል። አንድ ባለፋብሪካ ሀብታም ሊወስደው በር ላይ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ከሰዓት በኋላ ብረት ሊያቀልጡበት ነው።

«ምን ትጠብቃለህ? ሚዛኑ ተናግሯል እኮ!» አለው ሀብታሙ።

«ሚዛኑ የሆነ ነገር ገባ አለ እንጂ ማን ገባ አላለም።»

ሸክላ ሠሪው ዱቄቱን ያዋሃደው ዝናብ በሚጥልበት ቀን ነበር። ዱቄቱ የነበረበት ጣሳ ክዳን ላልቶ ማግኘቱ ትዝ አለው። እርጥበት ደግሞ ኦክስጅንን በጀርባው አዝሎ ነው የሚገባው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

«ጌታው፣ ዕቃው አጠገብ የሚቆሙት ስንት ናቸው?»

«ስድስት። ምነው?»

መዶሻውን አነሳ። ሀብታሙ «ኧረ በሕግ! አብደሃል እንዴ?» እያለ እጁን ሊይዘው ሲንደረደር ዕቃው ለሁለት ተከፈለ። ጠርዙ እንደሚገባው ጥቁር ነው። መሃሉ እንደ ኖራ ነጭ። ኦክስጅን።

ሀብታሙ ስብርባሪውን በእግሩ ገልበጥ አድርጎ አየ። ሸክላ ሠሪውም ሄዶ አዲስ ክዳን አበጀ።

እንግዲህ መርዕድ፣ «የኤሌክትሪክ ፈተናውን ሸምድጄም ቢሆን አልፌያለሁ፤ ማለፍ ማለፍ አይደለም ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ውጤትህ የዚያ ሰው ሚዛን ነው። የሆነ ነገር ገብቶብሃል፤ ሽምደዳ ይሁን እውቀት ወረቀቱ አያውቅም። ነገ ምሰሶ ላይ ስትወጣ ደግሞ ከሥርህ ሰው ይቆማል። በል ደብተሩን ዝጋና በራስህ አፍ ንገረኝ፦ መስመሩን ከመንካትህ በፊት ምን ታደርጋለህ? ካቃተህ አትፈር። እዚህ፣ እኔ ፊት ብትሰነጠቅ ይሻላል።